ግማሽ ጣሳ ቀለም

ቀለሙ አላለቀም ነበር። ይህን መጀመሪያ ላይ ተናግሬ ልገላገል፤ ምክንያቱም በመንገዳችን ስለዚያ ቀን የሚወራው ሁሉ የሚጀምረው “ቀለሙ ባያልቅ ኖሮ” ከሚለው ነው። የሚያወራው ሰው ወደ እኔ ዞር ይላል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በትሕትናዬ ስከበር ኖሬአለሁ።

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነበር። ያኔ አራት ሱቆች ጎን ለጎን ተጣብቀን እንሠራ ነበር። የመጀመሪያው የፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ምላሱ ከመቀሱ የሚፈጥን፣ ሰው ሁሉ የሚወደውም የሚፈራውም ሰው። ቀጥሎ የጫማ ሻጯ፣ ከዚያ የእኔ፣ መጨረሻ ጥጉ ላይ ደግሞ የሰዓት ሠሪው የጋሽ ጆሮ።

ጋሽ ጆሮ ያላቸው መንገዱ ነው። ሰዓት ሲመጣላቸው ክዳኑን ከመክፈታቸው በፊት ጆሯቸው ላይ ያስጠጉትና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ “ጥርሷ ተበልቷል” ወይም “ቆሻሻ ነው፣ ሌላ ምንም የላት” ይላሉ። ሲሳሳቱ አላየሁም። በእኔና በእሳቸው መካከል የነበረው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለነበር እኔ ሳስነጥስ ከወዲያ “ይማርህ” ይሉኛል። እኩለ ቀን ላይ የግድግዳ ሰዓቶቻቸው ሁሉ አንድ ላይ ሊደውሉ ይነሱና አልሆን ብሏቸው አንዱ ሌላውን ሲያሳድድ እሰማለሁ። የሰው ሰዓት እያስተካከሉ የራስዎ አቃተዎት ብዬ ስቀልድባቸው፣ ሰው ሳይስማማ እነሱን ምን አስማማቸው ብለው ይመልሱልኛል።

አባታቸው ከወንዙ ማዶ የመጡ ሰው ነበሩ። እሳቸው ግን የተወለዱት ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል ነው፤ ስለ ማዶ የሚያውቁት እኔ ከማውቀው አይበልጥም። ማንም ይህን ጉዳዬ ብሎት አያውቅም ነበር። ረብሻው ሲነሳ ግን “የማዶ ሰው” የሚለው ቃል በአንድ ጠዋት የሁሉም አፍ ላይ ተገኘ። ነገሩ በምን እንደተጀመረ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ያኔ ግን የማያውቅ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ጭስ ከሩቅ አየን። በሁለተኛው ቀን ጭሱ ቀረበ። ሱቃችንን ግማሽ ከፍተን፣ ግማሽ ዘግተን፣ ከደንበኛ ይልቅ ወሬ ስንጠብቅ ዋልን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ እየሮጠ መጣ። ረብሸኞቹ በላይኛው ገበያ በር በሩን ሲሰብሩ አድረዋል፣ የማዶ ሰው ያገኙበትን ሱቅ ከነሰውየው አቃጥለዋል፣ በሩ ላይ “የእኛ” ተብሎ የተጻፈበትን ግን አልፈውታል አለን። እሱ ራሱ በጫማ ቀለም በሩ ላይ “የኛ” ብሎ ሞነጫጭሮ ነበር። ፊደሎቹ እንደ ሰካራም አንዱ አንዱን ተደግፈው ቆመዋል። እንግዲህ ያን ጊዜ ያልኩትን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል። “እ የት ሄደች?” አልኩት።

“ሰው ሊገድል የመጣ ፊደል ይቆጥራል እንዴ?” አለኝ።

ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ሳቅን። ነጭ የዘይት ቀለም የሞላ ጣሳና ሰፊውን ብሩሽ ይዤ ወጣሁ። የእሱን በአኳራጅ፣ በዚያ ቀለም በምናቀጥንበት፣ አጥፍቼ እንደገና በደንብ ጻፍኩለት፤ እ-ዋም ቦታዋን አገኘች። ሰው በሚታረድበት ቀን እኔ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እየሄድኩ የ“ኛ” እግር እንዳይንጋደድ አያለሁ። የጫማ ሻጯ ትልቅ አድርግልኝ፣ ከሩቅ ይነበብ አለች፤ አደረግኩላት። ፀጉር አስተካካዩ የእሷን አይቶ ቀናና ለእኔ ፊደሎቹ ላይ ጥላ ጨምርልኝ አለ። ጥላውንም ጨመርኩለት። ከዚያ የራሴን በር ጻፍኩ፤ የራሴን ከሁሉ አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ሦስት በር ጽፌ ጣሳው ውስጥ ገና ግማሹ ነበር።

ይህን ሁሉ ጊዜ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ጋሽ ጆሮ ሱቃቸው ውስጥ ናቸው፤ ወንበራቸው ላይ ጎንበስ ብለው በወረንጧቸው የአንድ ሰዓት ጥርስ እያወጡ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ መንገዱ ሁሉ ስለሳቸው ሲንሾካሾክ እሳቸው ምንም አልሰሙም ብዬ ነበር። ባይሰሙ፣ ባይወጡ፣ ባይጠይቁኝ ብዬ ተመኘሁ።

ወጡ። የሚያጎላውን መነጽር ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉት ናቸው። በሮቹን ከዳር እስከ ዳር አዩና “ያምራል” አሉ። ቀጥለውም “ለእኔም ጻፍልኝ እንግዲህ” አሉኝ፤ ኧረ ሻይ ጠጣ እንደሚሉኝ ባለ ድምፅ።

ማንም አትጻፍ አላለኝም። ፀጉር አስተካካዩ ያለወትሮው አፉን ዘግቶ መቀሱን ይጠርግ ነበር፤ እሱ ላይ ማላከክ ብችል ደስ ባለኝ። በልቤ የመጣው ግን የራሴ ነው። ከሚመጡት ሰዎች መካከል እሳቸውን የሚያውቅ ካለ፣ የእሳቸው በር ሲዋሽ ካገኙት ቀጥሎ ያለውን በር ማን ያምነዋል? ቀጥሎ ያለው በር የእኔ ነው። ጣሳውን አነሳሁና ከበርጩማው ኋላ አስቀመጥኩት።

“ቀለሙ አለቀ ጋሼ” አልኳቸው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት። እሳቸው ጣሳውን ለማየት አልዞሩም፤ የሚያዩት እኔን ነበር። የት እንደሚሸጥ ጠየቁኝ። ሱቆቹ ሁሉ ዝግ እንደሆኑ እያወቅኩ ከጣቢያው ጀርባ ምናልባት አንድ ሰው አይጠፋም አልኳቸው። መነጽሩን ከግንባራቸው አውርደው ኪሳቸው ከተቱ፣ በራቸውን ዘጉ፣ ኮታቸውን ደረቡ።

“ቶሎ እመለሳለሁ” አሉ። ጥቂት ሄደው ደግሞ ዞሩ። “ብሩሽህን ብቻ እንዳታጥበው።”

ጥጉን እስኪታጠፉ ጠበቅኩ። ከዚያ ገባሁና ብሩሹን አጠብኩት። በአኳራጅ አጠብኩት፣ በሳሙና ደገምኩት፣ ፀጉሩን በጣቴ አሹሬ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። በሥራ ቀን እንኳ እንደዚያ አጥቤው አላውቅም። ጣሳውን ከድሮ ጆንያዎች ሥር ቀበርኩት። ከዚያ የብረት በሬን ከውስጥ ቆልፌ ጨለማው ውስጥ ተቀመጥኩ።

አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ መጡ። መጀመሪያ ጫጫታቸው፣ ከዚያ እግራቸው፣ ከዚያ የብረቱ ድምፅ። በሬን አንድ ጊዜ በዱላ መቱት። “ይሄ የእኛ ነው” አለ አንዱ፣ ተረጋግቶ፣ እንደ ተማሪ እያነበበ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ሰማሁ።

“ይሄኛውስ?”

“አልተጻፈበትም።”

በቃ፣ ይኸው ነው። ጋሽ ጆሮ ማን እንደሆኑ ከሰዎቹ የሚያውቅ አልነበረም። ስማቸውን የጠራ፣ ስለ አባታቸው የተናገረ የለም። ሦስት በር አሳምሬ ጽፌ አራተኛውን ባዶ የተውኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ የበለጠ ምን ልጻፍ ኖሯል?

ጣውላው ስስ ስለሆነ አንድም ነገር አላመለጠኝም። በሩ ተገነጠለ፣ መስታወቱ ረገፈ፣ መሳቢያዎቹ ወለል ላይ ተደፉ። ጣውላው ወደ እኔ እየጎበጠ ይመለስ ነበር። በመሀል እኩለ ቀን ሆነ። ግድግዳው ላይ የቀሩት ሰዓቶች መደወል ጀመሩ፣ እንደ ልማዳቸው እየተቀዳደሙ። ሰዎቹ ተሳሳቁና እያንዳንዷን አውርደው መንገዱ ላይ መወርወር ያዙ። አንዷ አስፋልቱ ላይ ወድቃም መቁጠሯን አልተወችም፤ እስክትጨርስ ድረስ አብሬያት ቆጠርኩ። የቀረውን አውጥተው መንገዱ መሀል አቃጠሉትና ሄዱ። “ኧረ ተዉ” የምትል ቃል ጉሮሮዬ ድረስ እንኳ አልመጣችም። ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ፤ ፈርቼም ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ “እንኳን በሬ ላይ ጻፍኩ” የሚል ደስታ ነበረኝ። ያን ደስታ ነው እስከ ዛሬ ልረሳው ያልቻልኩት።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጆሮ በዚያው ጥግ ብቅ አሉ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘዋል። መስታወቱን እየረገጡ መጡ፤ በራቸው የነበረበት ቦታ ቆሙ፤ ወደ ውስጥ አዩ። ጎንበስ ብለው ከአመዱ ዳር አንዲት የእጅ ሰዓት አነሱና ጆሯቸው ላይ አስጠጉ። ከዚያ መሬት አስቀመጧት። ወደ እኔ መጡና ጥቅሉን ደጄ ላይ አኖሩት። አዲስ ጣሳ ነጭ ቀለም ነበር።

“አገኘሁ” አሉኝ። “ሰውየውን ከቤቱ አስወጥቼ ነው።”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጎረቤቱ ግን በተራ በተራ ብቅ ብሎ ተሰበሰበ፤ ፀጉር አስተካካዩም ምላሱ ተመለሰችለት። ተመስገን፣ ቀለሙ ባያልቅ ኖሮ እዚህ ውስጥ ይገኙ ነበር፣ ከነነፍስዎ ያቃጥሉዎት ነበር አለ። ሰው ሁሉ እውነት ነው አለ። ጋሽ ጆሮም ራሳቸውን ነቅንቀው “የጎረቤቴ ቀለም ማለቅ አተረፈኝ” አሉ። ማታውን ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ቤቴ ድረስ መጥተው በሁለት እጃቸው እጄን ይዘው አለቀሱ። ብሩሹን ያጠበው እጅ ነው። ከሚስቴ ፊት ነው። እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ምርቃታቸውን ተቀበልኩ።

ረብሻው ከበረደ በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሰብስበውን ስለ ጉርብትና ሲናገሩ እኔን በጣት አሳዩ። ያን ቀን ልናገር ተነስቼ ነበር፤ ሰው አጨበጨበልኝና ተቀመጥኩ።

ጋሽ ጆሮ ዘጠኝ ወር ቤታቸው ሆነው ሠሩ። ከዚያ ሱቋን ጠግነው ከፈቱ። በከፈቱበት ጠዋት ያንኑ አዲስ ጣሳ ከእኔ ሱቅ አንስተው፣ ታፔላ ጻፍልኝ አሉኝ። ክዳኑ እስከዚያ ቀን አልተከፈተም ነበር፤ ደፍሬ አልነካሁትም። ሁለታችን ብቻ ነን። ጣሳውን በመዶሻ ጥፍር መክፈት ጀመርኩ። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብዬ “ጋሼ፣ ያን ቀን ቀለሙ…” አልኩ።

“አውቃለሁ” አሉኝ፣ ከያዟት ሰዓት ቀና ሳይሉ። “ከበርጩማው ኋላ ስታስቀምጠው ሰምቼዋለሁ። ባዶ ጣሳ እንደዚያ አይልም። ግማሽ ነበር።”

ለሰው ሁሉ ያን ወሬ የነገሩት ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ፤ የጠየቅኩት ግን ሌላ ነው። “ታዲያ ለምን ሄዱ?”

“ምክንያት እንዳይኖርህ ብዬ ነዋ። ሰው ሲፈራ የሚይዘው ሰበብ ነው። ሰበቡን ከእጅህ ባወጣልህ ትጽፍልኛለህ አልኩ።” ሰዓቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። “እስክመጣም ልብህ ይመለሳል ብዬ ነበር። ቀድመውኝ መጡ እንጂ ትጽፍልኝ ነበር እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። ለእትዬህም የምላት ይህንኑ ነው።” ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። “አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ብሩሹን አጥበኸው ነበር?”

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ወጊው ነኝ፣ ግን አንዲቷንም አልረሳሁም፤ አኳራጁን፣ ሳሙናውን፣ በጣቴ ያሾርኩትን ፀጉር። አላጠብኩትም ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ነበረች፤ የዋሸሁት ሰው ደግሞ ራሱ በሁለት እጁ ይዞ እያቀበለኝ ነው።

“ወዲያው አጠብኩት” አልኳቸው።

ጋሽ ጆሮ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ክዳኑ ያልተከፈተ ሰዓት ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት።

“እሱን አልሰማሁም ነበር” አሉ፣ እና ወረንጧቸውን አነሱ።