በአምባው ላይ ውሃ የለም

እኔ ምንውየለት፣ የአዛዡ ጸሐፊ፣ ያየሁትን ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ሌላው በጎራዴው ይመካል፣ እኔ በዚህ እመካ ነበር። አገሩ ለመንግሥት ከገበረ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ አዛዡ ከአሶሳ ማዶ ያለውን አሮጌ የድንጋይ አምባ አይቼ ታሪኩን እንድጽፍ የመረጠኝም ለዚሁ ነው። ማን ሠራው፣ ስንት ጊዜ ተከበበ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተከበበው ሰው ምን ይጠጣ ነበር። ውሃ ካለው ወታደር ላሰፍርበት ነው አለኝ።

የሚመሩኝ ሼህ ባቢከር የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። አማርኛቸው ከገበያ የተለቀመ ስለሆነ ለእኔም፣ ለአዛዡም፣ ለበቅሎዬም «አንተ» ነው የሚሉት። እኔ ለሳቸው «እርስዎ» እላለሁ፤ አዛዡን ግን አንቱ የምለው ፊት ለፊት ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት በቅሎዬን ከታች አስሬ ስንወጣ፣ ገና የታችኛው ቅጥር ሳንደርስ አዳለጠኝና ወደቅሁ። የውሃ ቅሌ ከድንጋይ ተላትሞ ለሁለት ተሰነጠቀ። ተራራውን ረገምሁ፣ ጉልበቴን ረገምሁ፣ ከመተከል ደጋ ወደዚህ ቆላ ያመጣኝን ቀን ረገምሁ። የሼህ ባቢከር ፊት ግን ከእኔ ይልቅ ጠቆረ። ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

አምባው ሦስት ቅጥር አለው፤ ድንጋዩ ያለ ጭቃ የተካበ ነው። በሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም፤ ጠላት ሲገባ መጀመሪያ የሚያቀርበው አንገቱን ነው ማለት ነው። ሼህ ባቢከር ቅጥሩን በእጃቸው እየዳሰሱ ነገሩኝ። የታችኛውን ያቆሙት ከሰባት አባት በፊት፣ ሰው እየፈነገሉ ለባርነት ከሚሸጡ ፈረሰኞች የሸሹ ሰዎች ናቸው። መካከለኛውን የልጅ ልጆቻቸው ጨመሩ። ለላይኛው ሼህ ባቢከር ራሳቸው በልጅነታቸው ድንጋይ አቀብለዋል፤ ወርቅ ፈላጊ ቱርኮች አርባ ቀን ከበዋቸው ነበር። እናታቸው በዚያ ጊዜ እህል የፈጩበትን አለት አሳዩኝ፤ መሃሉ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። አሁንም የፈንጋይ ወሬ ሲሰማ የመንደሩ ሴቶች ወደዚህ ይወጣሉ፤ የሼህ ባቢከር የልጅ ልጅ ኢንዓም ባለፈው በጋ እዚሁ ወልዳለች። ሁሉን ጻፍሁ። ስለ ውሃው ስጠይቃቸው ግን ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ።

እኩለ ቀን ላይ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። የአዛዡን ጉዳይ እርግፍ አድርጌ ረስቼ፣ ተንኮልም ሳይኖርብኝ፣ ውሃ ይስጡኝ አልኋቸው። ሼህ ባቢከር ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ተነሥተው፣ እንዳልከተላቸው በእጃቸው ከለከሉኝና ከቋጥኞቹ ኋላ ተሰወሩ። ሲመለሱ በቅል ስባሪ ውሃ ይዘዋል፤ ጥርስ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ ውሃ። ጠጥቼ እስክጨርስ ጠብቀው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እኛ ጋ እንግዳ ቤት ውስጥ ከጠማው፣ ባለቤቱ ሰው አይደለም» አሉኝ። «ይኼ ተራራ የእኛ ቤት ናት። አንተ ጠየቀ፣ እኔ ሰጠ። አሁን አንተ ከጻፈ ወታደር ይመጣል። ወላሂ፣ ፈንጋይ የመጣ ቀን ኢንዓም የት ይሄዳል?»

አልጽፍም ብዬ ማልሁላቸው። ቅጥሩን በክንድ ስለካ ሰንብቼ ረቡዕ ወረድን፤ በወረቀቴ መጨረሻም «በአምባው ላይ ውሃ የለም» ብዬ ጻፍሁ። በብዕሬ ስዋሽ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ አለኝ፣ ኮራሁም።

አዛዡ ሲያነብ ቀስ ይላል። መጨረሻው ደርሶ እንደገና ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ።

«ምንውየለት፣ ሰኞ ጠዋት ቅሌ ተሰበረ ብለሃል። የወረድኸው ረቡዕ ነው። ሦስት ቀን ምን ጠጣህ?»

አወዳደቄን፣ ቅሌን፣ የቅሌን ስንጥቅ ሳይቀር ጽፌዋለሁ። ማን ጻፍ አለኝ? ጤዛ ልሼ ነው አልሁት። በመጋቢት? ብሎ ሳቀብኝ።

ሐሙስ ጠዋት ዐሥር ወታደር አስከትሎ ሼህ ባቢከርንና እኔን ከፊት አስቀደመን። ሳንነሣ ሼህ ባቢከር የራሳቸውን ቅል ሞልተው ትከሻዬ ላይ አንጠለጠሉልኝ።

«ዛሬ ውሃ እኔን አትጠይቅ» አሉኝ። «አንተ ከጠየቀ፣ እኔ ይሰጣል።»

ወታደሮቹ ቋጥኙን ሲያገላብጡ ዋሉ፤ ምንም አላገኙም። ሽማግሌውን እንግረፋቸው አሉ። አዛዡ ግን አያስፈልግም አለ። የአገሩ ሰው እንግዳውን ውሃ እንደማይነሣ ያወቀው ከእኔው ወረቀት ነው፤ ይህን የመሰለ ልማድ ሳልጽፍ ማለፍ አልሆነልኝም ነበር። ቅሉን ከትከሻዬ አውርዶ ውሃውን መሬት ላይ ደፋው።

«ጠይቀው» አለኝ።

«አልጠማኝም» አልሁት።

ተቀመጥን። ወታደሮቹ ከየቅላቸው ይጠጣሉ፤ ሼህ ባቢከርና እኔ እንተያያለን። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደማ። ብዕሬ ያጠፋውን በዝምታዬ ልክሳቸው፣ ብሞትም ልሙት ብዬ ቆርጬ ነበር። ከዚያ ቅጥሩ ዞረብኝና በግንባሬ ተደፋሁ።

ቀና ስል ሼህ ባቢከር ቆመዋል። የልብሳቸውን ጫፍ ይዤ፣ አይሂዱ፣ እኔ አልጠየቅሁዎትም አልኋቸው። ድምፄ እንኳ በቅጡ አልወጣም።

«አንተ አልጠየቀም» አሉኝ፣ ጣቶቼን ከልብሳቸው ቀስ ብለው እያላቀቁ። «እኔ ግን አየ።»

ወደ ቋጥኞቹ ሄዱ። አዛዡ በአገጩ ጠቆመና ሁለት ወታደሮች ተከተሏቸው።

ውሃው መጣልኝ። ያው የሰኞው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። አፍሬ፣ እያለቀስሁ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣሁት።