የኮከብ አምራቹ ምስጋና

ቸኮለ በ1976 ዓ.ም. ኮከብ በቆሎ አምራች ሆኖ የተመረጠው ማሳው መኪና መንገድ ዳር ስለነበረ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚያልፉ ሹማምንት ማንኩሳ ሊደርሱ ሲሉ በመኪና መስኮት የሚያዩት በቆሎ የእሱ ነበር። ከኮረብታው ጀርባ የአያ ላቀው በቆሎ በክንድ ያህል ይበልጠው ነበር። ግን ከኮረብታ ጀርባ ያለ በቆሎ፣ መኪና እስኪገባለት ድረስ፣ እንዳልበቀለ ይቆጠራል።

ቸኮለ ዳልቻ የሚባል አንድ በሬ ነበረው። አያ ላቀውም መጋል የሚባል አንድ በሬ ነበራቸው። አንድ በሬ ብቻውን አይጠመድም፤ ስለዚህ ሁለቱ ጎረቤታሞች ሰባት ክረምት ሙሉ በሬዎቻቸውን አቀናጅተው፣ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን እያረሱ ኖረዋል። አምና በዘር ወቅት ቸኮለን ወባ ጥሎት ሲያንቀጠቅጠው፣ አያ ላቀው የራሳቸውን ማሳ ትተው የእሱን አስቀድመው ዘሩለት። ኮከብ አምራቹ ያን ጊዜ ጋቢውን ተከናንቦ ያመርት ነበር።

በሽልማቱ በዓል ላይ የሚያነበውን የምስጋና ንግግር ጽፎ ያመጣለት ካድሬው ክንፈሚካኤል ነው፤ በስሙ ውስጥ ያለውን መልአክ ለማስወጣት ብዙ ደክሞ በመጨረሻ «ጓድ ክንፈ» ያስባለ ሰው። ቸኮለ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከለየ ገና ዓመቱ ነበርና ወረቀቱን ሲያነበንብ ሰነበተ። ምስጋናው ለአብዮቱ፣ ለሰፊው ሕዝብ፣ ለወዳጅ ሶሻሊስት አገሮችና ማንኩሳን ረግጦ ለማያውቅ ትራክተር ነበር። መዝጊያው ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ተጽፎበታል። ያበረው ድር ማን እንደሆነ ግን ጓድ ክንፈ አልጠየቀም።

ሚስቱ እጅጉ ጥጥ እየፈተለች ስትሰማው ቆየችና፣ «አያ ላቀው የሉበትም?» አለችው።

«ወረቀቱ ላይ የሉም።»

«ጨምራቸው እንጂ።»

«የመንግሥት ወረቀት እንደ ወጥ ውኃ ይጨመርበታል እንዴ?» አላት። እሷም እንዝርቷን አሾረች።

በዓሉ ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ የወዛደሮች ቀን ዕለት ነበር። ፍኖተ ሰላም በሰው ተጨናነቀች። ጓድ ክንፈ ሕዝቡ ለዓለም ወዛደሮች እንዲህ መውጣቱን አይቶ ዕንባ ተናነቀው። ሕዝቡ ግን ጊዮርጊስን አክብሮ እርሻ ፈቶ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ድምፅ ማጉያ ሰምቶ ጎራ ያለ ነበር። አያ ላቀውም የቸኮለን ስንቅ ተሸክመው አብረው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል።

ቸኮለ ወረቀቱን አንድ ሳይገድፍ ተወጣው። ተጨበጨበ። ይህኔ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ግን ከመድረኩ መሐል የተቀመጡት ትልቁ ሹም ከወረቀት ውጪ አንድ ጥያቄ ጠየቁት።

«ለመሆኑ ጓድ ቸኮለ፣ ባለ ስንት በሬ ነህ?»

በጎጃም ገበሬ ፊት «ባለ አንድ በሬ ነኝ» ማለት ባዶ እግርን ለሠርገኛ እንደማሳየት ነው። ያን ሁሉ ጭብጨባ የጠጣ ሰው እንዴት አድርጎ ይበለው?

«ባለ ጥማድ ነኝ» አለ ቸኮለ። ያም አልበቃው ብሎ፣ «ዳልቻና መጋል ይባላሉ» ሲል ጨመረ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እንደገና ተጨበጨበለትና በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት አሸከሙት። ወርዶ ሲመጣ አያ ላቀው ስንቁን አቀበሉት።

«እኔ እንኳ ቀደም ልበል» አሉ በትሕትና። «በሬህ ውኃ አልጠጣም።»

በሬህ ያሉት መጋልን ነበር። ቸኮለ ሳቅ ሊል ሞከረና ፊቱ እንቢ አለው።

ግንቦት ገብቶ ዝናቡ መሬቱን እንዳራሰ፣ መጋል ከሌላው ባለ አንድ በሬ ጎረቤት ከአድማሴ በሬ ጋር ተጠምዶ ከኮረብታው ጀርባ ሲያርስ ታየ። አያ ላቀው አልተሳደቡም፣ ሽማግሌም አልላኩም። በቃ ቅንጃቸውን ቀየሩ። ቸኮለ መንደሩን ዞረ። ባለ አንድ በሬው ሁሉ ሰው ይዟል። ያልያዘም ቢኖር፣ «አንተ ባለ ጥማድ አይደለህ? ከእኛ ከድኆች ጋር ምን አቀናጀህ?» ይለዋል። የዘር ቀን ደግሞ አይጠብቅም፤ ካለፈ የዓመት እህል አብሮ ያልፋል።

በሦስተኛው ቀን ዳልቻን እየነዳ አያ ላቀው ደጅ ቆመ።

«አያ ላቀው፣ አጥፍቻለሁ። ወባ ሲጥለኝ ማሳዬን የዘሩልኝ አንቱ ነዎት። ዳልቻን ይውሰዱት፤ መጀመሪያ የአንቱን እንረስ፣ የእኔ ከተረፈ ይደርሳል።»

«ይህን ፍኖተ ሰላም ላይ ብትለው ምን ነበር?»

«ወረቀቱ ላይ አልነበሩማ።»

«እኔ ወረቀት ላይ መች ነበርሁ? ማሳ ላይ ነበርሁ እንጂ» አሉት። «ለአድማሴ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። በሬህን ይዘህ ወደ ቤትህ ግባ።»

ቸኮለ ዕንባው መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳፈረው በሬ ማጣቱ ሳይሆን ሰውዬውን መካዱ ነበር። ሰባት ክረምት አብሮ ሲያርስ አንድ ቀን እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሏቸው አያውቅም።

በማግሥቱ ኮከብ አምራቹ መኪና መንገድ ዳር ዶማ ይዞ ወጣ፤ እጅጉም ዶማዋን ይዛ ተከተለችው። መኪና ባለፈ ቁጥር ቸኮለ አንገቱን ይደፋል። ሦስት ቀን ቆፍረው ግማሹን እንኳ አላደረሱም። እጁ ተልጦ ደም ያዘ።

በአራተኛው ቀን በሬዎቹ የአድማሴን ማሳ የሚያርሱበት ተራ ደርሶ የአያ ላቀው እጅ ሲፈታ፣ ዶማቸውን ተሸክመው መጡ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ከዳር ጀመሩ። ቸኮለ ዶማውን ጥሎ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ይዘው አቀኑት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ላቀው። አንቱ ባይኖሩ እኮ ብቻዬን ምን ይውጠኝ ነበር?»

አያ ላቀው ዶማቸውን ተደግፈው ትንሽ አዩት።

«እኔ የመጣሁ ዛሬ ነው» አሉ። «ሦስት ቀን ከጎንህ የቆፈረችውስ ማን ናት?»

ቸኮለ ዞረ። እጅጉ ከሁለቱም ቀድማ ሄዳለች፤ መዳፎቿን በነጠላዋ ቅዳጅ ጠቅልላ ትቆፍራለች። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከየት እንደሚጀምር ግን ጠፋው። ወረቀት የጻፈለት የለም።

እሷም ቀና ሳትል፣ «ደመናው እየመጣ ነው» አለችው። «ዶማህን አንሳ።»