ውሃ የሚያፈሰው ልጅ

እናታችን በጨው የተብላላ ዓሣ በእንስራ እያዘጋጀች ትሸጣለች። ሽታው ከልብሳችን አይለቅም። በታናሽ ወንድሜ በካምፓን ምክንያት ትምህርት ቤት ውስጥ ጨዋታ ተፈጥሮ ነበር፤ እሱን የነካውን ልጅ «ዓሣው ያዘህ!» እያሉ ይሸሹታል፣ ሌላ ልጅ ነክቶ እስኪያስተላልፍ ድረስ። ጨዋታውን የፈጠረው ቶን የሚባል የክፍሉ ልጅ ነው።

አርብ ዕለት ካምፓን ቦርሳውን አልጋ ሥር ወረወረና «ሁለተኛ አልሄድም» አለኝ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። እሱም እንደ እኔ እንዲቀር አልፈለግሁም፤ ግን ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ቅዳሜ ማለዳ የሰፈራችን የቡድሃ ቤተ መቅደስ መነኩሴ አባ ፓንያ ምጽዋት ሲቀበሉ፣ ሩዙን ዕቃቸው ውስጥ ጨምሬ በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«ነገ ይዘኸው ና» ብቻ አሉኝ።

እሑድ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ልጆቹ በቡድሃ ሐውልት ፊት ተቀምጠው አምስቱን ትእዛዞች «እጠብቃለሁ» እያሉ ደገሙ፤ አንደበትን መጠበቅም አንዱ ነው። ለመነኮሳቱ የዕለቱን ምግብ ያቀረበው የቶን ቤተሰብ ነበር፤ አያቱ ከሞቱ መቶ ቀን ሞልቷቸዋል። የበጎ ሥራው ዋጋ ለሟች እንዲደርስ አንድ ሰው ከትንሽ ማንቆርቆሪያ ውሃ ወደ ሳህን ያፈሳል። ተካፋይ መሆን የፈለገ አፍሳሹን ይነካዋል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ የነካውን ይነካል።

አባ ማንቆርቆሪያውን ለካምፓን ሰጡት።

«አባ፣ እሱ ይሸታል እኮ!» አለ ቶን።

«እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ዓሣ በልቻለሁ። ሸተትኩህ?»

ልጆቹ ሳቁ።

«ክፉ ላለመናገር አሁን አይደል ቃል የገባኸው?» አሉት አባ ዝግ ብለው። «ለአያትህ ከሆነ ንካው። ካልፈለግህም ማንም አያስገድድህም።»

ቶን አንዲት ጣቱን ዘርግቶ ካምፓንን ነካው፤ ሌሎቹ ልጆችም ከኋላ እርስ በርስ ተነካኩ። ካምፓን ማፍሰስ ጀመረ። ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ሳይቋረጥ ወረደ። መሃል ላይ ቶን መዳፉን ሙሉ በካምፓን ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«ቀስ በል» ሲለው ሰማሁ፤ «አያቴ ጋ ሳይደርስ እንዳያልቅ።»

«ዝም በላ፣ እያፈሰስኩ ነው!»

ውሃውን እንደ ሥርዓቱ ዛፍ ሥር ደፍተው ሲመለሱ ቶን መዳፉን አሸተተ። ሊሰድበው መስሎኝ ጠጋ አልኩ።

«አያቴ እንዲህ ነበር የምትሸተው» አለ።

«ከእኛ ነበራ የምትገዛው!» አለ ካምፓን። «ትልቁ ዓሣ ካልወጣልኝ እያለች እናቴን ታደርቃት ነበር።»

«እሷ ናት! እሷ ናት!»

ከኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ጮኸች፦ «እንዴ፣ ሁላችንም ተነካክተናል! አሁን ለማን ልናስተላልፍ ነው?»

ሁሉም እርስ በርስ ተያዩና በሳቅ ፈነዱ።

ሰኞ ጠዋት ካምፓን ከአልጋ ሥር ቦርሳውን ሲጎትት አየሁት። ምሳውን ሳቀብለው ከፍቶ አየና «ወንድምዬ፣ ዓሣ ጨምርልኝ» አለ። «ቶን አቅምሰኝ ብሎኛል፣ ላቅምሰው።»