የታጠበው ሞተር

አባቴ በሕይወቱ ቆሻሻ መኪና ለምርመራ አቅርቦ አያውቅም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ ሰፈሩ ዛሬም «ጋሽ ሾፌር» እያለ ነው የሚጠራው። ዓመታዊ ምርመራ በደረሰ ቁጥር ዋዜማውን መኪናው ሥር ተኝቶ ነበር የሚያሳልፈው። ስለዚህ ከሸማቾች ቅሬታ ሰሚ ቢሮ ተደውሎ «ነገ ጠዋት መኪናዋን ለምርመራ ይዘው ይምጡ» ሲባል፣ ስልኩን ዘግቶ መጀመሪያ የፈለገው ባልዲ ነው።

መኪናዋን የገዛት በጡረታ ገንዘቡ፣ ከአንድ ትልቅ የመኪና መሸጫ ነበር። የሰፈሩን ተማሪዎች እያመላለሰ ሊኖርባት። ብዙም ሳትቆይ ዳገት ስትወጣ ዘይት ታፈስ ጀመር። ዘይቱ የጋለ ብረት ላይ እየተንጠባጠበ ጭሱ መኪናዋ ውስጥ ይገባል፤ ልጆቹ ይስላሉ። ወላጆች አንድ በአንድ ልጆቻቸውን አስቀሩ። ማንም በክፉ አልተናገረውም፤ ብቻ ጠዋት ጠዋት ጥሩምባ ሲነፋ የሚከፈት በር እያጣ መጣ። መሸጫው ቤት ሲመላለስ «አዲስ ሞተር ነው፣ እስኪላመድ ነው» አሉት። በኋላ ደግሞ «ዳገት አያብዙባት» አሉት፤ ዳገቱን እኛ የሠራነው ይመስል። በመጨረሻ አመለከተ። ችግሩ በምርመራ ከተረጋገጠ ሻጩ መኪናዋን ወስዶ ሌላ ይተካል፤ ደንቡ ይኸው ነው ተባለ። አባቴ ከዚያ ወዲህ የሚኖረው ይህን ቀን እየጠበቀ ነበር።

ያን ከሰዓት ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በናፍታና በብሩሽ ፈተገው። ከሞተሩ ሥር የሚወርደው ጥቁር ውሃ በግቢያችን ሲሚንቶ ላይ እየተከፋፈለ፣ እንደገና እየተገናኘ ወደ ቦዩ ሲሄድ ከመስኮት ሆኜ አየሁት። ያላየሁት አገር ካርታ መስሎኝ ነበር። የላሉትን ብሎኖች አጠበቀ፤ የሚያፈስበት ቦታ ማስቲሽ ለጠፈበት፤ ዘይቱን እስከ ልኩ ሞላ።

እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወጣች።

«ሠርግ አለብን እንዴ?»

«ሰው ፊት ነው የምትቀርበው።»

«አንተ ሰው፣ ልትመልሳት'ኮ ነው የምትሄደው።»

«ብትመለስስ? ንጹሕ ሆና ትመለስ። ከማን ቤት እንደወጣች ይወቁ።»

በማግስቱ ሦስታችንም ሄድን። የቢሮው ግቢ ውስጥ የመሸጫው ተወካይ ቀድሞን ደርሶ ነበር፤ ከረቫት ያሰረ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚቀበል ሰው። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት።

«አባባ፣ እኛ ስንሸጥልዎት እንኳ እንዲህ አታበራም ነበር።»

አባቴ ምስጋና መስሎት ፈገግ አለ።

መርማሪው ኮፈኑን ከፈተ። በባትሪ እያበራ አየ፤ ጣቱን በሞተሩ ጎንና ጎን አሳልፎ ወደ ብርሃን አወጣው። ጣቱ ንጹሕ ነበር። ከሥር ገባ፣ ወጣ፣ ጉልበቱን አራገፈ። ሞተሩን ሲያስነሳው እንኳን ሊያጨስ፣ ድምፁም አይሰማ።

«የቱ ጋ ነው የሚያፈሰው?»

«ቆማማ አታፈስም፤ ዳገት ላይ ነው። እዚሁ ከበሩ ወጣ ብሎ አንድ አለ፣ ኑ አብረን እንውጣው።»

«አባቴ፣ መንገድ ላይ የምሞክረው እዚህ ምልክት ሳገኝ ነው። ምንም የለም'ኮ።»

«ምልክቱማ ትናንት በቦይ ሄደ» አለች እናቴ። «ቀኑን ሙሉ በናፍታ ሲያጥበው ነው የዋለው።»

ያ ካርታ የመሰለኝ ወንዝ ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ባለ ከረቫቱ ፈገግታውን ሰብሰብ አደረገ። «ሞተሩን ነክተውታል ማለት ነው?»

«አጠብኩት።»

«ማጠብ ብቻ?»

አባቴ ስለ ሌላ ነገር ሊዋሽ ይችል ይሆናል፤ ስለ መኪና ግን አይችልም። «ብሎኖቹን አጠበቅኩ። ማስቲሽም ቀባ አደረግኩ።»

ሰውየው ከዚያ በኋላ አባቴን አላናገረውም። ወደ መርማሪው ዞሮ «እንግዲህ ሰምተዋል» አለ።

መርማሪው ባትሪውን አጠፋ። «ምነው አባቴ? እንዳለች ቢያመጧት ምን ነበረበት?»

«እንዴት እንደዚያ ሆና ሰው ፊት ትቀርባለች?» አለ አባቴ፤ ድምፁ ጥያቄው ያልገባው ሰው ድምፅ ነበር።

ፎቅ ላይ፣ ቬንትሌተር በሚሽከረከርበት ጠባብ ክፍል፣ ሰብሳቢዋ ውሳኔውን ነገረችን። ችግሩ አልተረጋገጠም። ሞተሩም ከሻጩ ጋራዥ ውጭ ስለተነካ ዋስትናው ከዛሬ ጀምሮ የለም። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ለአባቴ ወንበር ራሷ ስባለታለች።

«ይግባኝ ማለት ይችላሉ፣ አባቴ።»

«ምን ብዬ?»

ሰብሳቢዋ የውሳኔውን ወረቀት አጥፋ ሰጠችው። ባለ ከረቫቱ ደረጃው ላይ እጁን ዘረጋለት፤ አባቴም ጨበጠው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ውሳኔው ሳይሆን ያ አጨባበጥ ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ መሥሪያ ቤቱ ጊዜ።

ስንመለስ ያንኑ ዳገት ያዝን። ግማሹ ላይ ጭሱ ገባ። እናቴ መስኮቱን አወረደች። ጫፉ ላይ አባቴ ጥግ አስይዞ ወረደና ኮፈኑን ከፈተ። ማስቲሹ ተልጦ ተንጠልጥሏል፤ ትናንት የታጠበው ብረት ላይ ዘይቱ ጥቁር ሆኖ ይወርዳል፤ መርማሪው በጣቱ ሲፈልገው በነበረበት ቦታ፣ እዚያው።

አባቴ ከኪሱ ጨርቅ አወጣ። ከዚያ እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ወደ መጣንበት መንገድ ዞሮ አየ።

እናቴ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«ጥረገው እንጂ» አለችው። «አሁንማ የራሳችን ናት።»

ጠረገው።