የሰሞኑ ፊልሞችና የአባቴ ጫማ

ሰሞኑን ከወጡት ፊልሞች መካከል፣ የሀብታሙ ልጅ የድሃዋን ልጅ በዝናብ የሚያገኝበትን ፊልም በመነጽሩ ምክንያት ተጣልቼዋለሁ። ልጁ ዓይኑ ደካማ ነው ይሉናል። መነጽሩን ሲያወልቅ ግድግዳ እየዳበሰ ነው የሚሄደው። ሲያደርገው ግን መስታወቱ ባዶ የመስኮት መስታወት መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ዓይኑ የዚያን ያህል የደከመ ሰው ከመነጽሩ ጀርባ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይታያል፤ የዚህ ልጅ ጉንጭ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እኔ መነጽር ቤት ሌንስ ቆራጭ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ የማየው ይህንኑ ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው እናቴ ማጉረምረሜ ሰልችቷት «ፊልም ልታይ ነው የመጣኸው ወይስ መነጽር ልትለካ?» አለችኝ። ልጅቷ ግን ማልቀስ ትችልበታለች። ለእሷ ሲባል ቢታይ አይከፋም።

ሁለተኛው «ልብ የደከመው አይግባ» ተብሎ የተለጠፈው ነው። አንድ ቤተሰብ አሮጌ ቤት ተከራይቶ ይገባል። ግድግዳው ደም ያነባል፣ በሩ ራሱን ይዘጋል፣ ቤተሰቡ ግን ንቅንቅ አይልም። እናቴ «ኪራዩ ረክሶላቸው ይሆናላ» አለች። ከዚያ በኋላ መፍራት አልቻልኩም።

ሦስተኛው አንድ ሰውዬ መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ ባሕር የሚያይበት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እዚህ ፊልም ላይ ግን እንቁላሉ እንቁላል ሆኖ ቀረ። የተማሩ ሰዎች ወደውታል። እኔም ልወደው ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

ይህን ሁሉ የምለው የሚጠይቀኝ ሰው ስላለ ነው። መነጽር ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ፊቱን ስለካው ዝም ማለት ይከብደዋል፤ «ምን ጥሩ ፊልም አለ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ባለሱቁ «ይሄ ሰውዬ ዓይን አስተካክሎ ሲያበቃ የሚታየውን ሁሉ ያስጠላል» እያለ ይቀልድብኛል። ስለ አራተኛው ፊልም ግን ለደንበኛ የነገርኩት ግማሹን ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የቤታችን ነገር ነው።

ቤታችን ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴ ማተሚያ ቤት ሲሠራ የወረቀት ጥቅልል ግራ እግሩ ላይ ወድቆበት፣ ከዚያ በኋላ ያ እግር መታጠፍ እምቢ አለው። ጫማ ሰፊው የግራውን ሶል አወፍሮ፣ የሁለቱንም ተረከዝ ብረት መትቶ ሠራለት። ደረጃ ሲወጣ ቀኙ ቋ ይላል፣ ግራው ሽርር ብሎ ይከተላል። ቋ፣ ሽርር። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ መደገፊያውን ይዞ ያርፋል። ሲያርፍ ምንም አይሰማም። እናቴ ያችን ዝምታ ትጠብቃት ነበር። እጇን በቀሚሷ አድርቃ ትነሳለች፤ እሱ የመጨረሻውን ደረጃ ሲረግጥ በሩ ክፍት ነው። «ደከመህ?» ትለዋለች። እሱም «ምን ይደክመኛል» ይላል፣ እያለከለከ። እዚያ ቤት በኖረበት ዘመን ሁሉ ቁልፍ ይዞ ወጥቶ አያውቅም።

እኔና እህቴ ደግሞ በዚያችው ዝምታ ቴሌቪዥን አጥፍተን መጽሐፍ እንገልጥባት ነበር። አባቴ በትምህርት ቀን ፊልም አይወድም።

እህቴን ቤት ውስጥ ኮሽታ ነው የምንላት። በልጅነቷ ዝም ብላ መቀመጥ አይሆንላትም፤ ማንኪያ ካገኘች ብርጭቆ ትመታለች፣ ማንኪያ ካጣች ጥርሷን ታንቀጫቅጫለች። አድጋም እዚያው ቀረች። ፊልም ሲቀረጽ የተዋናዩ አፍ እንጂ እግሩ በደንብ አይሰማም፤ እግሩን በኋላ የምትጨምርለት ኮሽታ ናት። ስቱዲዮ ውስጥ ምስሉን እያየች፣ ከእርምጃው እኩል ትራመዳለች። ካሮት ሰብራ የክንድ አጥንት ታስመስለዋለች። የቆዳ ጓንት አራግባ ርግብ ታስበርራለች። ፊልም ቤት የገባ ሰው ሁሉ ሰምቷታል፣ ማንም ግን አያውቃትም።

አባቴ ሲሞት ጫማው በሩ ሥር እንደተቀመጠ ቀረ። እናቴ ስትጠርግ ታነሳውና መልሳ እዚያው ታኖረዋለች። አንድ ቀን ጫማው የለም። ኮሽታ ሳትጠይቅ ለሥራዋ ወስዳው ኖሯል።

«ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው፣ እማዬ» አለች።

«እምቢ እንደምል ካወቅሽ ለምን ወሰድሽው?»

«እመልሰዋለሁ።»

«ካሮት በምትሰብሪበት ክፍል በአባትሽ ጫማ ልትጨፍሪበት! የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ አሉ።»

ኮሽታ ጫማውን በነጋታው ይዛው መጣች። እናቴ አልተቀበለችም። «ሌላ ሰው ረግጦበታል። የእሱ አረማመድ ጠፍቶበታል። አሁን ዝም ብሎ ጫማ ነው» አለችና ኩሽና ገባች። ኮሽታ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ከዚያ ጫማውን ታቅፋ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ እናቴ እሷን አላናገረችም። ስልክ ሲጮህ አይታ «ያንተ ነው» ብላ ታቀብለኛለች፤ የሚጮኸው የራሷ ስልክ ነው። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው እናቴን አያውቃትም። የእናቴ ዝምታ ነቅዞ ቤቱ ሁሉ ሸተተ። እኔ ፊልም ላይ እንጂ ሰው ላይ መፍረድ ስለማልወድ መሐል ገብቼ አላውቅም። ግን ፈርቼ ነበር። ያስፈራኝ ጠቡ አልነበረም፤ ጠብ ይበርዳል። ያስፈራኝ መልመዳቸው ነው። እናቴ ለሁለት ሰው ብቻ መቀቀል ጀምራ ነበር፤ የኮሽታን ብርጭቆ ከመደርደሪያው ፊት አንስታ ከኋላ አስገብታዋለች። ሰው አንዴ ብርጭቆ ቦታ ከቀየረ መልሶ ማምጣቱን ይረሳዋል።

አራተኛው ፊልም የወጣ ሰሞን ኮሽታ ሥራ ቦታ ደወለችልኝ። እሷ ዳኛው ነው የምትለኝ።

«ዳኛው፣ ቅዳሜ ከሰዓት እማዬን አዲሱ ፊልም ጋ ይዘሃት ሂድ።»

«እንዴት ነው ፊልሙ?»

«አይረባም።»

«ታዲያ ለምን እወስዳታለሁ?»

«ውሰዳት አልኩህ። እኔ እንደሠራሁበት ግን እንዳትነግራት።»

ወሰድኳት። ፊልሙ በእርግጥም አይረባም። ሦስት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ውርስ ይጣላሉ፤ አንዱ ሲጮህ ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። የታላቅየው ጢም የተለጠፈ ነው፣ በየትዕይንቱ ወዲህና ወዲያ ይላል። «ጢሙ እንኳ ሊወጣ ነው» አለች እናቴ። እኔ እግሬን ከፊቴ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ሰቅዬ ተዘረጋሁ።

ከዚያ ወንድማማቾቹ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው ሳለ ከውጭ አንድ ሰው ደረጃ ይወጣል። ጎረቤት መሆኑ ነው። ሰውዬው አይታይም፤ ዳይሬክተሩ የፈለገው ወንድማማቾቹ ሰው ሰማን ብለው ድምፃቸውን እንዲቀንሱ ብቻ ነው።

ቋ፣ ሽርር። ቋ፣ ሽርር።

እግሬን ከወንበሩ ላይ አወረድኩ። ለምን እንዳወረድኩ የገባኝ ካወረድኩ በኋላ ነው። ቀኝ እጄ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ ጉልበቴ ላይ ሪሞት ይፈልጋል።

እናቴ ቦርሳዋን እኔ ላይ አስቀመጠች። ሁለት እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ እርጥብ አልነበረም። ከዚያ ተነሳች።

«መጣሁ» አለች፣ ጮክ ሳትል፣ ከኩሽና እንደምትለው።

ከኋላችን የተቀመጠ ሰው በትሕትና «እናቴ፣ ቢቀመጡልን፣ ከለሉን» አለ። አልሰማችውም። ጉልበቴን ገፍታ ወደ መተላለፊያው አንድ እርምጃ ሄደች። ኮቴው የወንድማማቾቹን በር አልፎ ወደ ላይ ወጣ፣ እየራቀ ሄደ፣ ጠፋ። ባለጢሙ ጠረጴዛውን መታ። እናቴ ፊቷን ወደ ሸራው አድርጋ እንደቆመች ቀረች። እጇን ይዤ ሳብ ሳደርጋት ተቀመጠች። ቀሪውን ፊልም እያለቀስኩ አየሁት፤ ለደንበኞቼ ያልነገርኩት አንዱ ይህ ነው።

መብራት ሲበራ ሰው ሁሉ ወጣ። እናቴ አልተነሳችም። በሸራው ላይ የሠራተኞቹ ስም ሽቅብ እየሄደ ነበር። የመነጽር ሠሪ እናት መነጽሯን ቤት ትታ መጥታለች።

«ስትመጣ ንገረኝ» አለችኝ። ማን እንደሆነች አልጠየቅኳትም። ከሾፌሮቹ በላይ፣ ከፀጉር ሠሪዎቹ በታች የእህቴ ስም መጣ፤ አነበብኩላት።

«በትንሹ ነው የጻፏት» አለች። ከዚያ ተነሳች።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስንደርስ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ «ስልክህን አምጣ» አለች። ደውዬ ሰጠኋት። የእኔ ስልክ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ማቆሚያው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል።

«እሺ ዳኛው፣ እንዴት ሆነ? ምን አለች?»

«እኔ ነኝ።»

ኮሽታ ዝም ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

«እማዬ» አለች በመጨረሻ።

«አላሳረፍሽውም።»

«ምን?»

«አባትሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያርፍ ነበር። አንዴ እንኳ ሳይተነፍስ ነው ያስወጣሽው። በዚያ እግሩ።»

«አሳርፌው ነበር እኮ፣ እማዬ።» የኮሽታ ድምፅ ተቆራረጠ። «ደረጃው መሐል አቁሜው ነበር። ዳይሬክተሩ ነው የቆረጠብኝ። ምንም የማይሰማበት ጊዜ በዛ አለ።»

«በዛ?» እናቴ ዞር ብላ ዳይሬክተሩ እኔ የሆንኩ ያህል አየችኝ። «ይሄ ሰውዬ በዕድሜው ደረጃ ወጥቶ አያውቅም እንዴ?»

ኮሽታ ከለቅሶዋ መሐል ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም።

«ሌላው ግን ልክ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። «ግራውን ሲጎትት፣ ጫፉ ላይ ጨመር ያደርግ ነበር። እሱን ሳይቀር አምጥተሽዋል። እኔ የት ሆነሽ እንደሰማሽው አላውቅም፤ አንቺ ሁሌ ስትንጫጪ ነበር።»

«እሰማ ነበር።»

«ጫማው አለ?»

«አለ። በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው።»

«ነገ ይዘሽው ነይ። በእጅሽ አይደለም ታዲያ» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ፤ መዝጋቱን ለእኔ ተወችው።

ሰኞ ባለሱቁ ስለ ፊልሙ ሲጠይቀኝ፣ ጢሙ እንደማይታመን፣ ውርሱም ለማን እንደደረሰ መጨረሻ ላይ እንደማይታወቅ ነገርኩት። «ታዲያ አይታይማ?» አለኝ። «እኔ ደግሜ አየዋለሁ» አልኩት፣ ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም።

ምክንያቱ እሑድ ከሰዓት ነው። እናቴ ኩሽና ዕቃ ታጥባለች። እኔ እግሬን ጠረጴዛ ላይ ሰቅዬ፣ ያንኑ ባሕር የሚያየውን ሰውዬ በቴሌቪዥን ሁለተኛ ዕድል እየሰጠሁት ነበር። ከታች፣ ከመግቢያው አካባቢ ጀመረ። ቋ፣ ሽርር። አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሰዎች በራቸውን ከፍተው መልሰው ሲዘጉ ሰማሁ። ቋ፣ ሽርር። ጫማው ለእሷ ይሰፋታል፤ ካልሲ ደራርባ መሆን አለበት። ሁለተኛውን ፎቅ አለፈ። ኩሽና ውስጥ ቧንቧው ተዘጋ።

ሦስተኛው ላይ ቆመ።

ምንም አይሰማም ነበር። እግሬን አወረድኩ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ዝምታው ረጅም ነበር፣ የድሮውን ያህል፤ ማንም አልቆረጠውም። እናቴ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች በፊቴ አለፈች። የመጨረሻው ደረጃ ሲረገጥ በሩ ክፍት ነበር።

«ደከመሽ?» አለች።