ከሰልፍ ያወጡን ዕለት

ከተሰለፍነው ዐሥራ ስድስት መንገደኞች መካከል ፈታሹ ካድሬ እኔንና ልጄን ብቻ ለይቶ አወጣን። ለዚህ እጁን እንኳ አላነሣም። በአገጩ ወደ ቆርቆሮው ክፍል ግድግዳ አመለከተና «እናንተ ወዲያ ቁሙ። ተጨማሪ ፍተሻ አለባችሁ» አለ። ምክንያቱን ጠየቅሁት። ያልሰማ መስሎ ከኋላዬ የነበረውን ሰውዬ የይለፍ ወረቀት ተቀበለ።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ጥር 19 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። የደብረ ታቦር የአውሮፕላን ሜዳ ሣር ስለሆነ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ዘበኛው እየሮጠ ከብት ያባርራል። ከጉና የሚወርደው ብርድ ፊት ይጋረፋል። ዕቃችንን ብቻ ሳይሆን እኛንም በእህል ሚዛን መዝነውናል። ልጄ እመቤቴ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሚዛኑ ላይ ዐሥራ አራት ኪሎ ሆነች። መዛኙ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየና ጻፈው።

እመቤቴ የታመመችው ልቧን ነው። ዓመት ሙሉ ጉሮሮዋንና ጉልበቷን ሲያማት ብርድ ነው እያልን ቆየን። በመጨረሻ ደረጃ መውጣት ሲያቅታትና ከንፈሯ ሲጠቁር ሐኪሙ የልቧ ክዳን መበላሸቱን ነገረን። አዲስ አበባ ከውጭ የመጡ የልብ ሐኪሞች ለሁለት ሳምንት ሕፃናት ያክማሉ አለን። ሰኞ የመጨረሻው የምዝገባ ቀን ነው። በመኪና እንዳልወስዳት አጥብቆ አስጠነቀቀኝ፤ አቧራውንና የሦስት ቀን መንገዱን አትችለውም። አውሮፕላኑ የሚመጣው ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው። እንግዲህ ያለችን ያቺ ቅዳሜ ናት።

እኔ ክፉ ነገር ሳይመጣ ቀድሜ የማየው ሰው ነኝ። ባሌ በላይነህ በዚህ ይስቅብኛል። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በግብርና ቢሮ ጸሐፊነት ስቀጠር እንኳ የፈራሁት የመባረሪያ ደብዳቤዬን ራሴ በታይፕ እንዳልጽፈው ነበር። ለዚህ ጉዞ ሳምንት ሙሉ ፈርቻለሁ። ማኅተሙ ደብዝዟል እንዳይሉኝ የይለፍ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስመትቻለሁ። የሐኪሙን ደብዳቤ በሦስት ቅጂ ጽፌ አንዱን በጉያዬ፣ አንዱን በቦርሳዬ፣ አንዱን በልጄ ካፖርት ኪስ አድርጌአለሁ። ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ ወላጅ ብቻ ነው ሲሉን፣ አስተማሪ ተማሪዎቹን ጥሎ አይሄድም ብለው በላይነህን ሲያስቀሩት እንኳ ይህንንም አስቤው ነበር። ደመና ይወርዳል ብዬ ፈርቻለሁ፤ ላም ሜዳው ላይ ትቆማለች ብዬ ፈርቻለሁ። ያልፈራሁት የልጄን አንገት ብቻ ነው።

በአንገቷ ላይ ክታብ አለ። ባለፈው ክረምት የባሌ እናት ከመሪጌታ አስጽፈው በቀይ ቆዳ አሰፍተው ያሰሩላት ነው። እኔ የተማርሁ ነኝ እላለሁ፤ ግን አልፈታሁትም። ልጅ እየሞተ መድኃኒት የሚመርጥ የለም። ክታብ ከተሰፋ በኋላ አይከፈትም። ውስጡ የታማሚው የክርስትና ስም ይጻፋል፤ ያ ስም ደግሞ በአገራችን በየሜዳው የሚጠራ አይደለም። ክፉ የሚመኝ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው ይባላል። የእመቤቴን ስም የምናውቀው እኔ፣ አባቷ፣ አያቷ፣ የክርስትና እናቷና የንስሐ አባታችን ነን።

በቆርቆሮው ክፍል ውስጥ በመጋረጃ ጀርባ ሴቶችን የምትፈትሸው ጌጤ ናት። የሰፈራችን ሴት ናት፤ ቀበሌው ነው የመደባት። ዓይኔን ሸሸችው። ጉያዬ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ አውጥታ መልሳ አስገባች፤ ጸጉሬን ዳሰሰች፤ የልጄን ጫማ አውልቃ አራገፈች። ክታቡን ስታይ ከልብሷ ሥር መልሳ ሸጎጠችውና «ነጻ ናቸው፣ ጓድ አስረስ» ብላ ተጣራች።

ከሰልፍ ያወጣን አስረስ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የወታደር ካፖርት ለብሷል፤ ወታደር ግን አይደለም። የልጄን አንገት በእርሳስ ጫፍ ገልጦ «ይህስ?» አለ። ጌጤ ክታብ መሆኑን ነገረችው። ክታብ መሆኑን አላጣውም። ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ ክሩን ከአንገቷ ላይ ቆረጠና ወደ ውጭ፣ ሰልፉ ፊት ወዳለው ጠረጴዛ ይዞት ሄደ። እኔም ልጄን ታቅፌ ተከተልሁት። እንዳይከፍተው ለመንሁት። «እባክዎ፣ ጓድ» እያልሁ ነው የለመንሁት፤ ታናሼ ለሚሆን ልጅ።

ቆዳውን ሰነጠቀው። ብራናው ተጠቅልሎ እንደ ጣት ነበር፤ ዘረጋውና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። እንደ ካድሬ አይደለም ያነበበው። የሚነሣውን አንሥቶ፣ የሚጣለውን ጥሎ፣ ቄስ ትምህርት ቤት እንዳደገ ሰው ነው ያነበበው። «ዕቀባ ወአድኅና ለአመትከ ወለተ ሐና» ሲል፣ ባሪያህን ወለተ ሐናን ጠብቃት፣ አድናት ማለት ነው፣ ድምፁ እንኳ አልተሰናከለም። ዐሥራ አራት ሰው ሰማ።

«ትኬቱ ላይ እመቤቴ በላይነህ ይላል» አለ። «ወለተ ሐና ማናት?»

የክርስትና ስሟ መሆኑን ነገርሁት።

«አንድ ሰው በሁለት ስም የሚሄደው ለምንድን ነው? በሁለት ስም የሚሄዱት እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ?»

ያን ጊዜ በሁለት ስም የሚሄድ ሰው ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የአጎቴን ልጅ በዚያ ነው የወሰዱት። ልጄን ወደ ደረቴ አጥብቄ ስይዛት አንገቴን ያዘችኝ። አስረስ መዝገቡን ከፍቶ ስሟን ጻፈው። ወለተ ሐና፣ የድብቅ ስም፣ ብሎ ነው የጻፈው፤ በግልባጩ አንብቤዋለሁ። ከዚያ ጎንደር ደውሎ እስኪያጣራ እንድንቆም አዘዘ። ስልኩ ከጥምቀት በፊት ጀምሮ እንደማይሠራ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ወደ ሰልፉ ዞርሁ። ከአንድ እስላም ነጋዴ በቀር ሁሉም የክርስትና ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው። መምሬ ሞላ ከፊት ቆመዋል፤ በሕይወታቸው ስንት መቶ ሕፃን ስም እንዳወጡ እግዜር ይወቀው። «አባ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ» አልኋቸው። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። እሳቸው መንገደኛ እንደሆኑ፣ የመንግሥት ሥራ ውስጥ እንደማይገቡ ለጫማቸው ነገሩት። ሌሎቹም የየራሳቸውን ወረቀት ማንበብ ያዙ። አውሮፕላኑ አንዱን ሞተር አስነሣ። አስተናጋጁ መጥቶ አምስት ደቂቃ እንደቀረ ተናገረና ሄደ።

የልጄን ከንፈር አየሁ። ብርዱ ጥቁር ሰማያዊ አድርጎታል። ፍርሃቴ የት እንደሄደ አላውቅም። ሳምንት ሙሉ ፈርቼ ጨርሼው ይሆናል።

«አንተስ?» አልሁት።

ቀና አለ። አንቱ ማለቴን መተዌን ሰማ።

«አንተስ የክርስትና ስምህ ማን ነው? የልጄን ለዚህ ሁሉ ሰው አንብበህ አሰምተሃል። ያንተንም ንገረንና መዝገቡ ላይ ከሷ ሥር ይጻፍ።»

የለኝም ቢል አሁን በዚያ ድምፅ ያነበበ ሰው ነው፤ ማን ያምነዋል? ስሜ እንዲህ ነው ቢል ያን ስም ለመንገደኛ ሁሉ መስጠቱ ነው። ጆሮው ቀላ። ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ይህ ካድሬ ከእኔ ይልቅ ስሙን ይፈራል።

ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት ሴት ቅቤ የያዘ ቅላቸውን መሬት አስቀመጡና ወደ ጠረጴዛው መጡ። ሃምሳውን ያለፉ፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው ገበያ የለመደ ናቸው። ኋላ ስማቸው ፈንታነሽ እንደሚባል አወቅሁ።

«የአንበሳሜው የቄስ ዘውገ ልጅ አይደለህም?» አሉት። «ክርስትና ስትነሣ ድግስህን በልቻለሁ። ጠላው ቀጥኖ ነበር። ስምህንም ያን ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አልረሳሁትም። ልጥራው?»

አንድ ሰው ሳቁን በሳል አፈነው። እስላሙ ነጋዴ ነው መሰለኝ።

አስረስ መዝገቡን ከደነ። እኔን እንጂ እሳቸውን አላየም። ልጅቷ መሄድ እንደምትችል፣ እኔ ግን የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ላይ ስላሰናከልሁ ለጥያቄ እንደምቀር ተናገረ። ሞግቼዋለሁ። ሰባት ዓመት የሆናትን በሽተኛ ልጅ ብቻዋን ማን ይወስዳታል አልሁ። ትከሻውን ነቀነቀ።

«እኔ እወስዳታለሁ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። «አዲስ አበባ እኅቴ ዘንድ ነው የምወርድ።»

የማላውቃቸው ሴት ናቸው። በሌላ ቀን ቢሆን ልጄን ለአንድ ሰዓት አላምናቸውም ነበር። ቦርሳውን፣ ሦስቱንም ደብዳቤ፣ መድኃኒቱን ሰጠኋቸው። ክኒኑን በስንት ሰዓት እንደምትውጥ፣ ስትተኛ ራሷ ከፍ እንዲል፣ ጨው እንዳትበላ፣ ሁሉን ባንድ ትንፋሽ ነገርኋቸው። እንደገና ልነግራቸው ስል «ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ስድስት ወልጃለሁ፤ አራቱ አሉ» አሉና እመቤቴን ከክንዴ ወሰዷት። በአንድ እጃቸው ቅሉን፣ በአንድ እጃቸው ልጄን ይዘው ሄዱ። እመቤቴ አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ትንፋሽ ይፈልጋል። በሳቸው ትከሻ ላይ ሆና ዓይኗን ሳትነቅል እያየችኝ ገባች። መምሬ ሞላ ከኋላቸው ተሳፈሩ።

ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት በቆርቆሮው ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ማንም አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም። አስረስ ምሳውን በላ። እሱ ወጣ ሲል ጌጤ አጠገቤ መጥታ በየበረራው ሁለት ሰው ለይቶ እንዲፈትሽ መታዘዙን በሹክሹክታ ነገረችኝ። «ወንድ ሲያወጣ ይጣላዋል፤ ባለሥልጣን ሲያወጣ ይቆጡታል። ልጅ የያዘች ሴት ግን አትጣላም፣ አትሮጥም» አለች። እንዳዝንላት ፈልጋ ነው መሰለኝ እጄን ያዘች። እጄን ነጠቅኋት። እሷም ደመወዝ የላት፣ ተገድዳ ነው፤ አውቃለሁ። ይህን ማወቄ ንዴቴን አልቀነሰውም።

በሰባት ሰዓት አስረስ ተመልሶ «ሂጂ» አለኝ። ለምን እንደተያዝሁ ጠየቅሁት። ፍተሻው መጠናቀቁን ነገረኝ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ በአውቶቡስ ተነሣሁ። ማክሰኞ ማታ ሆስፒታሉ ደረስሁ። እስከዚያ ድረስ ልጄን ስንት ጊዜ እንደቀበርኋት አልናገርም። ጠዋት ቀድደዋት ነበር። በሕይወት አለች። ወይዘሮ ፈንታነሽ አክስቷ ነኝ ብለው በጣታቸው ፈርመው፣ ሦስት ቀን ከአልጋው ሥር በነጠላቸው ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። ቅቤውን ከሆስፒታሉ በር ላይ ለዘበኛ ሚስቶች ሸጠውታል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ተነሺ እቴ፣ መሬቱ ቆሻሻ ነው» አሉኝ።

አሁን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። የእመቤቴ ከንፈር ቀልቷል። ትናንት ጸጉሯን ሳበጥር «እማዬ፣ ሰውየውን ለምን ተቆጣሽው? ሐኪሞቹ ሲያስተኙኝ አልነበርሽም» አለችኝ።

ባልቆጣው ኖሮ ያሳልፈን ነበር? ወይስ ሁለታችንም ከስልኩ ጋር ቆመን እንቀር ነበር? እየደጋገምሁ አስበዋለሁ። ዝም ያሉት ሁሉ በአውሮፕላኑ ሄደዋል፤ ይህን መካድ አልችልም። ለልጄ ግን ማበጠሪያውን አስቀምጬ «ስምሽን ጮኾ ስለጠራው ነው» አልኋት።

ሐኪሙ ለመመለሻውም መኪና ከልክሎናል። የፊታችን ቅዳሜ እንበራለን። አስረስ እዚያው ሜዳ ላይ እንዳለ በላይነህ ጽፎልኛል፤ ከአውሮፕላን የሚወርደውንም መፈተሽ ጀምሯል አሉ። እኛን እንደሚያወጣን እንደ ነገ ፀሐይ እርግጠኛ ነኝ። ማታ ማታ ልጄ ስትተኛ ወደ ግድግዳው ዞሬ ዝም ማለትን እለማመዳለሁ። እስካሁን አልሆነልኝም።