ሞቃ የምትጠብቀን መኪና

ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች ሁሉ ወንድሜ ትዕግሥተኛ ሰው እንደነበር ይነግሩኛል። እነሱ የሚያውቁት አውቶቡስ ላይ ነው። እየሮጠ የሚመጣ ሰው እስኪደርስ በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ሾፌር ነበር፤ እውነታቸውን ነው። እኔን ግን አድርቆኝ ነው የኖረው። አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። ስለ ሞተ ሰው እንዲህ አይወራም የሚለኝ አይጠፋም፤ ግን ግትርነቱን ትቼ ላስታውሰው ስሞክር የማላውቀው ሰው እየመጣብኝ ተቸገርኩ። ስለዚህ የመኪናዋን ነገር እንደነበረ እጽፈዋለሁ።

የጀመረው በግራ እግሩ ነው። መጀመሪያ ደከመኝ ይል ነበር፤ ቀጥሎ ደረጃ ሲወጣ ጫማው እየተጎተተ ያደናቅፈው ጀመር። ሐኪም ቤት አብሬው ሄድኩ። ሐኪሟ በሽታው የነርቭ መሆኑን፣ እንደማይመለስና ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ እንደሚሄድ ቀስ ብላ ነገረችን። ወንድሜ የጠየቃት እስከ መቼ መንዳት እንደሚችል ብቻ ነው። አውቶቡሱን ከዛሬ ጀምሮ እንዲተው፣ የራሱን መኪና ግን ግራ እግሩ የማርሽ መቀየሪያውን ፍሪሲዮን መርገጥ እስከቻለ ድረስ ሊነዳ እንደሚችል፣ ያም ጥቂት ወራት ቢሆን ነው አለችው።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ መኪና ልገዛ ነው አለኝ። ደግ ነው አልኩ፤ ማርሽ የማትፈልግ፣ በአንድ እግር የምትነዳ ደህና መኪና እንፈልግልህ አልኩት። እናታችንን የሰደብኩ ያህል ዞሮ አየኝ። እሱ የፈለገው ስፖርት መኪና ነው፤ ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት የተጣበቀች፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲነዳ እነዚያ መኪኖች በጎኑ ሽው እያሉ ሲቀድሙት ኖሯል።

«እግሬ ሳይተወኝ አንዷን በገዛ እግሬ እነዳለሁ» አለኝ። «ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ አድርጊኝ።»

አዲሷ የምትቀመስ አይደለችም። ለእሱ አቅም የምትሆነው ያረጀች፣ ብዙ የሄደች ብቻ ናት። ፀጉር የሚያስተካክለው ሰው አንዲት ጠቆመው፤ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም መኪናቸውን ያለ ደላላ ሊሸጡ ነው። በስልክ ሲጠይቃቸው ቆጣሪዋ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ሳይደብቁ ነገሩት። እኔ ቁጥሩን ስሰማ ይቺ መኪና ሄዳ ጨርሳለች አልኩ። እሱ ደስ አለው። ይህን ያህል የሄደችው የሚንከባከባት ሰው ስላገኘች ነው፤ የሚያስፈራውስ ተሸፍና የቆመች ናት እያለ ሲያስተምረኝ አመሸ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰው ቀሚስ ማሽኔ ላይ ተዘርግቶ ስለ ሞተር እሰማለሁ።

የሐኪሙ ጋራዥ እንደ ክሊኒክ የጸዳ ነበር። መደርደሪያው ላይ የድሮ የመድኃኒት ብልቃጦች ተደርድረው በየውስጣቸው ብሎን በየዓይነቱ ተለይቶ ተቀምጧል። መኪናዋ ጥቁር አረንጓዴ ናት፤ የሾፌሩ ወንበር ቆዳ ተሰነጣጥቋል፣ የመሪው ጠርዝ በእጅ ብዛት ተልጧል። ወንድሜ ገና ሲያያት ዓይኑ ቀረ። ግን የአውቶቡስ ሾፌር ነውና እንደ ልማዱ መጀመሪያ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ወዲያው አነሳው።

«ሞቃለች» አለ።

ሐኪሙ ፈገግ ብለው አዎን፣ እንግዳ ይመጣል ብዬ ቀደም ብዬ አስነስቻት ነበር አሉ። ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ። ያረጀ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው ሌሊቱን በርዶ አድሮ ጠዋት ሲነሳ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ይዋሻል ይላል። እዚያ አውቶቡስ ማደሪያቸው ሾፌር ሁሉ ጠዋት ጠዋት የሚያደርገው ይህንን ነው፤ መዳፍ ያሳርፋል፣ ያስነሳል፣ ያዳምጣል። በርዳ ስትነሳ ሳይሰማት እንደማይገዛ ነገራቸው። ሐኪሙም ቅር አላቸው።

«ወንድሜ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጥርስ ሳክም አፉ ውስጥ ቀዝቃዛ ብረት የከተትኩበት በሽተኛ የለም» አሉ። «የጥርስ ማያ መስታወቷን እንኳ በመዳፌ ሳላሞቅ አላስገባም። ሰው ፊት በብርድ ላስነሳት?»

ይቅርታ ተጠያይቀው፣ በሌላ ቀን ሳትሞቅ ሊያሳዩት ተስማምተው ተለያየን። በተባለው ቀን ሄድን። ሞቃለች። ትንሽ ብቻ ነው ያስነሳኋት አሉ፣ ሌሊቱ ብርድ ነበር፣ አንጀቴ አልችል አለ። ወንድሜ አልተቆጣም፤ አመስግኖ ወጣ። እኔ ነኝ የተቃጠልኩት። ደርሶ መልስ ሁለት ታክሲ ነው፤ ከታክሲ ሲወርድ ደግሞ ግራ እግሩን በእጁ እያነሳ ማውጣት ጀምሯል።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ሐኪሙ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ዛሬ አልነካኋትም አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ሌላ አድርገው። ወንድሜ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ሲያነሳው እጁ ርሷል። ለካ ጎህ ሲቀድ ተነስተው አሙቀዋት፣ በኋላ ቃላቸው ትዝ ሲላቸው በርጥብ ፎጣ ሲያቀዘቅዟት ኖሯል። ባለቤታቸው በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብለው ሁሉንም ተናገሩ።

«አልጋ ላይ የለም ብዬ ስነሳ መኪና ሲያጥብ አገኘሁት» አሉን። «ልጆቹን እንኳ እንዲህ አላሞቀም።»

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜን ለመንኩት። ግዛት አልኩት። ምን ልትሰማ ነው፣ ብትስልስ፣ ለስንት ቀን ልትነዳት ነው፣ እግርህ ሐኪሙ ሳያሞቋት እስኪያድሩ አይጠብቅህም አልኩት። ከሰማኝ በኋላ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን የማያውቀው ሞተር ላይ እንደማይቀመጥ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ማታ ለሐኪሙ ባለቤት ደወልኩ። ሴትየዋ ጋራዡን ለማስለቀቅ ቆርጠዋል፤ ነገሩን ለኔ ተይው አሉኝ።

በማግስቱ ስንደርስ ሐኪሙ ቋንጣ መስለው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ቁልፉን ትራሳቸው ሥር አድርገው አድረው ነበር። ወንድሜ ኮፈኑን ነካ፤ ብርድ ነው። ቁልፉን ተቀብሎ ገባ። ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ፍሪሲዮኑ ላይ አስቀመጠውና አስነሳ። መኪናዋ አንዴ ሳለች፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፣ ከውስጧ አንድ ነገር ሲንኳኳ ቆይቶ ቀስ በቀስ ተረጋጋ። የወንድሜ ፊት እንደ ሙሽራ በራ። ዘይት ትበላለች አለ፣ ሰንሰለቷ ላልቷል አለ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ተበስቷል አለ። እያንዳንዱን ሲናገር ደስታው ይጨምራል።

ሐኪሙ ግን ሞተሩን አልነበረም የሚያዩት። እግሩን ነበር። ጥርስም ቢያክሙ ሐኪም ናቸው።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ያለውን ሁሉ እሺ አሉ። ዘይት ትበላለች ሲላቸው አዎን። ዋጋው ይቀነስ ሲላቸው ይቀነስ። እንደገና ሲቀንስ እንደገና እሺ። እኔ በሆዴ ተመስገን እያልኩ ነው። ወንድሜ ግን ሞተሩን አጠፋ፣ በሩን ተደግፎ ወጣና ክንዴን ያዘኝ። የማይከራከር ሻጭ የሚደብቀው አለ፣ ይቺ መኪና አንድ የከፋ ነገር አለባት፣ እንሂድ አለኝ።

እዚያ ላይ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ምንም የላትም» አልኩት። «ዶክተር እግርህን አይተው ነው። አዝነውልህ ነው።»

የሐኪሙ ባለቤት ፎጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ወንድሜ ወደ ሐኪሙ ዞረ።

«እውነት ነው?»

«አይቻለሁ» አሉ ሐኪሙ።

«ታዲያ እግሬ በዋጋው ምን አገባው? ይከራከሩኝ እንጂ።»

ሐኪሙ ቀጥ ብለው ቆሙና፣ እንደዚያ ከሆነ ከመጀመሪያው ዋጋ አልወርድም፣ ጭሱ በዚህ ዕድሜ የሁሉም ነው፣ ማርሚታው የተበሳው የርስዎ ዓይነቱ የአውቶቡስ ሾፌር ገፍቶ ጉድጓድ ውስጥ ሲያስገባኝ ነው አሉ። ወንድሜ እጅጌውን ሰበሰበ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ልጅ ተጨቃጨቁ፤ አንዱ ኮፈን ይከፍታል፣ አንዱ ይዘጋል። እኔና ሴትየዋ ገብተን ተቀመጥን፤ የተልባ እግር ጨርቅ ዋጋ አውርተን፣ ስለ ወገብ ሕመም አውርተን እነሱ አልጨረሱም። በመጨረሻ የተስማሙበት ዋጋ እኛ መጀመሪያ ቀን ከተነገረን ብዙም አይርቅም። በእሺታ ሊያገኘው የነበረውን ቅናሽ ሁሉ በክርክር መልሶ ከፈለው። ሲወጣ ግን ደረቱ ተነፍቶ ነበር።

ወረቀቱ አልቆ ቁልፉን የተረከበ ዕለት እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ዝቅ ከማለቱ የተነሳ መንገዱ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ከጋራዡ በአንደኛ ማርሽ ወጣ፤ ጥግ ላይ ሁለተኛ አስገባ። ሦስተኛ ሊያስገባ ሲል እግሩን አየሁት። ፍሪሲዮኑ ጎን ወድቆ ቀርቷል። በእጁ አንስቶ መለሰው፤ ተንሸራተተ። አሁንም መለሰው።

አቁም፣ ሾፌር እንጠራለን አልኩት። ዝም በይ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ አለኝ።

እንደዚያው በሁለተኛ ማርሽ ከተማውን አቋረጥን። መብራት ከሩቅ ሲያይ ዝግ ይላል፤ ስንደርስ አረንጓዴ ይሆናል። ያንን መስመር ዕድሜውን ሲመላለስበት ስለኖረ የትኛው መቼ እንደሚከፈት ያውቃል። ሞተሩ ያጓራል፣ ከኋላችን ክላክስ ነው፣ እኔ የበሩን እጀታ ጨምቄ ላብ አጥምቆኛል። የሚቀድመን እንጂ የምንቀድመው የለም። አውቶቡስ ሳይቀር ቀደመን። አንዱ ጎረምሳ በተጎሳቆለች መኪናው በጎናችን ሲያልፍ መስኮቱን አውርዶ፣ «አባባ፣ ስፖርት መኪና ሲባል እኮ የእግር ጉዞ ማለት አይደለም» አለው። ወንድሜ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ያን ያህል ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ።

ቤታችን ስንደርስ የግቢው በር ዝግ ነው። ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ደንበኛዬ በሩ ላይ ቆማለች። ወንድሜ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ በሩን አየ፣ አልፎት ሄደ።

«ጋሼ፣ አቁም እንጂ።»

«ካቆምኳት ዳግመኛ አላንቀሳቅሳትም» አለኝ፣ ከመንገዱ ዓይኑን ሳያነሳ።

ሰፈሩን ዞረን ተመለስን። ደንበኛዬ እጇን አውለበለበችልኝ። ዳግመኛ ስናልፍ ቀሚሴስ አለችኝ፤ አሁን አልኳት በእጄ። ከዚያ በኋላ ስናልፍ በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታየናለች። ጎረቤት በየበሩ ወጥቷል። ወንድሜ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ ሌላውን መስኮቱ ላይ ጥሎ፣ ጥጉን በታጠፈ ቁጥር አንገቱን ትንሽ ዘንበል ያደርጋል። የነዳጁ መብራት በርቷል፤ አሳየሁት፤ አይቻለሁ አለኝ።

መጨቅጨቁን ተውኩት። ሲበቃው ይቆማል ብዬ እጄን ጭኔ ላይ ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ነዳጁ ቀደመው።